ልጁ ለምን አይዘልም?

ሰሞኑን ደምበል አካባቢ አንዲት ሴት ባለጎማ ሻንጣዋን እየጎተተች በአጠገቤ አለፈች። ጎማው በእግረኛው መንገድ ንጣፍ ላይ እየተንኳኳ፣ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ነጠር ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ እየተንኳኳ ሲሄድ ስሰማ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ከኋላዬ የሚመጣው ሰውዬ ትከሻዬን ገጭቶኝ «እህቴ፣ መንገድ ላይ አይቆምም እኮ» ብሎ አለፈ። ያ ድምፅ የካዛንቺስ ቤታችን የሳሎን ድምፅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሱራፌል ከትምህርት ቤት እንደገባ ዩኒፎርሙን እንኳን ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያስነዳው ባለስኬትቦርድ ልጅ ባለጎማ ጣውላው ላይ ቆሞ እንዲህ እየተንኳኳ ነበር የሚሄደው።

ጌሙን ያመጣልን አጎታችን ካሳ ነው። የአባዬ ታናሽ ወንድም ሲሆን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ በመጣው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሯችንን እየደበደበ ሳለ፣ በሽርጥ የጠቀለለውን አሮጌ ፕሌይስቴሽን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ሲዲው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከማሽኑ ውስጥ ሳይወጣ የመጣ። ማሽኑ ደግሞ ካልተገለበጠ አያነብም፤ በሆዱ አስተኝተን፣ ከሥሩ የክብሪት ቀፎ ደግፈንለት፣ ትንሽ አጉረምርሞ ሲነሳ እናጨበጭብለት ነበር። የተጫወትነውን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረው መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብን።

በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ጌም አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም። ለሱራፌል ጌም ማለት መዝለል ነው፤ ልጁን ከደረጃ ላይ ያዘልለዋል፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ያሻግረዋል፣ አየር ላይ እያለ ሦስቴ ያሽከረክረዋል። የጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ልጅ ቢኒያም ግን ስታዲየም አካባቢ ካለ ጌም ቤት አዲስ የወጣውን አይቶ ስለመጣ የእኛን ይንቀው ነበር።

«ይሄ እኮ ካርቱን ነው» ይላል። «ማለቴ፣ ከፎቅ ዘሎ ወድቆ ወዲያው ይነሳል እንዴ ሰው? ያኛውን ብታየው፣ በቃ፣ እግሩን አንድ በአንድ ነው የምታዘው። ሲወድቅ የትኛው አጥንቱ እንደተሰበረ ሁላ ያሳይሃል።»

«አጥንት ሲሰበር ለማየት ጌም ምን ያደርግልኛል? ሆስፒታል ሄጄ አላይም?» ይመልሳል ሱራፌል።

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ይመሻል። እኔ ደግሞ መዝለሉም አጥንቱም አይጥመኝም ነበር፤ ልጁን ቀስ አድርጌ በዚያ ሰው በሌለበት ከተማ ውስጥ ማንሸራሸር፣ መጋዘኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ውሃ የሌለበትን መዋኛ መጎብኘት ነበር የምወደው፤ ግን የሚጠይቀኝ አልነበረም። አጎቴ ካሳ ከጉዞ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከኋላችን ቁጭ ብሎ፣ ልጁ ቁልቁለት ሲወርድ ሲያይ በሹፌርነቱ ይጨንቀው ነበር። «ፍሬኑ የታለ? ማን ነው ይሄንን ያለፍሬን መንገድ ያስወጣው?» እያለ ቀኝ እግሩን ምንጣፉ ላይ ይረግጣል። አባዬ የጂኦግራፊ መምህር ስለነበር ዓይኑን ከሚያርመው ወረቀት ላይ ሳያነሳ «ጣውላ ላይ ቆሞ መውደቅ ምን ትምህርት አለው?» ብሎ ይዘጋናል። እማዬ አስተያየቷ አጭር ነበር፤ «ዝጉት» ትላለች።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አባዬን ክፍል ውስጥ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን ያዘው። ከሆስፒታል ሲወጣ መኝታ ቤቱ ለሚያነሱትና ለሚያስተኙት ሰዎች ስለማይመች አልጋው ሳሎን ተዘረጋለት፣ ጌሙም ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ቤታችን በጠያቂ ተሞላ፤ ብርቱካን የያዘ ይገባል፣ ጁስ የያዘ ይገባል፣ «እግዜር ይማርዎት፣ ቲቸር» ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም ተቀምጦ አባዬን ያያል። ለአርባ ልጆች ስለ ወንዞችና ስለ ነፋስ ሲያወራ የሚውል ሰው ውሃ ለማለት ከንፈሩ እምቢ ሲለው ማየት በጣም ያስፈራኝ ነበር፤ እሱም እንደፈራ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠያቂ ሲሳሳ አባዬ ደህናውን እጁን አንስቶ ቁም ሣጥኑን አመለከተ። እማዬ መድኃኒት መስሏት ተነሳች፣ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፣ ጋቢ አወረደችለት፣ አሁንም ነቀነቀ። ጌሙን መሆኑ ሲገባን ሱራፌል አወረደውና ገልብጦ ከፈተው። ልጁ ከትልቁ ደረጃ ዘለለ፣ በግንባሩ ተደፋ፣ እንደ ሁልጊዜው ብልጭ ብልጭ ብሎ ጣውላው ላይ ቆመ። አባዬ በግማሽ አፉ ሳቀ። ከዚያ፣ ቃሉ ጥርት ባይልም፣ «ተነሣ!» አለ። እማዬ ኩሽና ገብታ በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ ጌሙ የአባዬ ሆነ። ሱራፌል ሆን ብሎ ይጥለዋል፣ አባዬ «ተነሣ» ይላል፣ ልጁ ይነሳል። ቀን በቀን ቃላት ተጨመሩ፤ «ጎሽ» መጣ፣ «ደግመው» መጣ። ቢኒያም ስለዚያኛው ጌም እውነተኛነት ሊያስረዳ ሲጀምር አባዬ አዳምጦት ሲያበቃ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ «የሚነሳው ይሻላል» አለው፤ ከዚያ በኋላ ቢኒያም ክርክሩን ተወ። አጎቴ ካሳ ለገና ሲመጣ ወንድሙን ትራስ ደግፎ ቁጭ አድርጎ፣ አጠገቡ ተቀምጦ «እስካሁን ፍሬን አልገጠሙለትም?» ሲል አባዬ ትንፋሹ እስኪያጥር ሳቀ። አጎቴ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ጥምቀት እንዳለፈ የእማዬ ስልክ ጠራ። የካሳ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ፣ እሱ ከነሕይወቱ አልወጣም። እማዬ ስልኩን ይዛ ግቢ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት፣ እዚያው ውሃ ቧንቧው አጠገብ አፏን በእጇ ይዛ ነገረችን። ሐኪሙ አባዬን ድንጋጤ እንዳይነካው አስጠንቅቆ ነበር። የዕድሩ ሽማግሌዎችም ተማክረው፣ ቲቸር ትንሽ ይበርታ፣ እስከዚያ መርዶው ይያዝ አሉ። በእኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ጊዜ ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፤ ስለዚህ የተቃወመ አልነበረም። ለቅሶው እትዬ አልማዝ ቤት ሆነ። እማዬ እዚያ ሄዳ ጥቁሯን ለብሳ ከለቀስተኛ ጋር ትውልና፣ ለአባዬ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባለአበባ ቀሚሷን ለውጣ፣ ፊቷን ታጥባ፣ «ገበያው እንዴት ይሙቃል» እያለች ትገባ ነበር።

ሁለቱን ቤቶች የሚለየው ግን ቆርቆሮና ጭቃ ነው፣ አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር እሪታው ይሰማል። ያኔ ነው እማዬ፣ ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ «ዝጉት» ስትል የኖረችው እናቴ፣ በር ላይ ቆማ ዓይናችንን ሳታይ «ክፈቱት፣ ድምፁንም ጨምሩት» ያለችን። ማሽኑን ስንገለብጠው ግን ማየት አቃታት። አንድ ጊዜ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፣ አላነብም አለ፣ ሱራፌል መልሶ በሆዱ አስተኛው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ አልዘለለም። እኔና ሱራፌል አልተመካከርንበትም፤ ብቻ ሱራፌል ደረጃው ጫፍ ሲደርስ ይመልሰዋል፣ ቁልቁለት ሲያይ ይዞራል። እኔ የምወደውን ሽርሽር፣ ሜዳ ለሜዳ፣ ጎማው እየተንኳኳ፣ ከሰዓት እስከ ማታ ይነዳዋል። ድምፁ ግድግዳውን ያናውጣል፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያለቅሳል። አባዬ በየሳምንቱ «ካሳ አልመጣም?» ይላል፣ እማዬ «ወደቡ ላይ ጭነት ዘግይቶበት ነው» ትላለች፣ እኛ ቴሌቪዥኑን እናያለን። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለአባዬ ማድረግ የምችለው ነገር ቢኖር አደርገው ነበር፣ የተሰጠኝ ሥራ ግን ድምፅ መጨመር ብቻ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ከሰዓት፣ መብራት የሚጠፋብን ፈረቃ ገና ሳይደርስ፣ እትዬ አልማዝ ቤት ከደሴ የመጡ ዘመዶች ገብተው ነበር። አባዬ ቴሌቪዥኑን ሲያይ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣

«ልጁ ለምን አይዘልም?» አለ።

«ጣቴን አሞኝ ነው፣ አባዬ» አለ ሱራፌል።

በዚያው ቅጽበት መብራቱ ሄደ። ጎማው ጸጥ ሲል የሴቶቹ ሙሾ ሳሎናችን ውስጥ ያለ ያህል ተሰማ፣ የካሳም ስም ከነአባቱ ተጠራ። ተነስቼ በሩን ልዝጋ አልኩ፣ በሩ ዝግ ነበር።

«ካሳ ነው፣ አይደል?» አለ አባዬ። «መዝለል የተዋችሁ ቀን ነው ያወቅኩት።»

ሱራፌል መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ ጉልበቱ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። አባዬ ደህናውን እጁን ዘርግቶ ራሱ ላይ አሳረፈለት። መብራቱ እስኪመጣ፣ ሙሾው እስኪያባራ እንደዚያው ቆየን። ከዚያ «ለእናታችሁ እንዳትነግሯት፣ ብዙ ደክማለች» አለን። «አሁን ክፈተውና ይዝለል።» ሱራፌል ከፈተው። ልጁን ከትልቁ ደረጃ ላይ አዘለለው፣ ተደፋ። ሦስታችንም ጠበቅን። አባዬ «ተነሣ» አለ፣ ድምፁ ግን ተቆረጠ።

እስከ ፋሲካ ድረስ፣ መርዶውን ከአባዬ እንደደበቅነው ሁሉ፣ አባዬ ማወቁን ደግሞ ከእማዬ ደበቅን። እማዬ በባለአበባ ቀሚሷ ስትገባ አባዬ «ገበያው ደህና ነው?» ይላታል፣ እሷም ደህና ነው ትላለች፣ እኔ ዓይኔን ከትሪው ላይ አላነሳም ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው አልጋውን ከበቡት። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቲቸር፣ እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው» ሲሉ አባዬ እንደ ሥርዓቱ «ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ነገሩት። ያን ጊዜ ያለቀሰው ልቅሶ የማስመሰል አልነበረም፤ የማልቀስ ፈቃድ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ልቅሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «በርትቷል፣ ጥሩ ጊዜ መረጥን» ተባባሉ። እማዬ እስከ ዛሬ ድረስ መርዶውን በደንብ እንደደበቀች ታምናለች፣ ስታወራውም ትኮራበታለች።

ያ ሰፈር አሁን የለም፤ ቆርቆሮው ተነሥቶ፣ ውሃ ቧንቧው በየት በኩል እንደነበር ለይቼ ማሳየት አልችልም። አባዬም ካለፈ ቆይቷል። የእሱን ሞት ብዙ ዘመድ የሰማው በስልክ መልእክት ነው፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ጎህ ሳይጠበቅ፣ አንዳንዱ ታክሲ ውስጥ፣ አንዳንዱ ሥራ ላይ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም፤ ያኛውም አቅም ያሳጣ ነበር፣ ይኼኛውም ያሳጣል።

እሁድ እሁድ ሱራፌል ቤቴ ይመጣና ከልጄ ጋር ጌም ይጫወታል። ልጄ ያለው ያ ቢኒያም የሚያወድሰው ዓይነት ነው፣ እግር አንድ በአንድ የሚታዘዝበት፣ ወድቆ መነሳት ጊዜ የሚወስድበት። ሱራፌል ተራው ሲደርሰው የጌሙን ልጅ ሜዳ ለሜዳ ያንሸራሽረዋል፣ ደረጃው ጫፍ ሲደርስ ይመልሰዋል። ባለፈው ልጄ ታክቶት «አጎቴ፣ ልጁ ለምን አይዘልም?» አለው። ሱራፌል ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ መጫወቻውን ለልጄ አቀበለው። ያን ጊዜ ይህንኑ የጠየቀን አባዬ ግን መልሱን ያውቅ ነበር።