ለእንግዳ የተጠረገው ኩሬ

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ቀበና

ጂፑ ተገፍቶ ተነሣ። ከኋላ በገለባ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች፣ በሣጥን የታሸገ ማጉያ መነጽር፣ በመካከላቸው እኔ። ሥራዬ ጠርሙስ መሸከም፣ አልፎ አልፎም ደብዳቤ መጻፍ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ያማረ ቋንቋ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ገጽ ይግለጥ።

ዶክተሩ ምጽዋ ባሕር ላይ ያጠና ወጣት ነው። «እዚያ ውኃው ይቀላና ዓሣ ያልቃል» አለኝ። «እዚህ አረንጓዴ ይሆንና ከብት ያልቃል። ይህን የሚያደርገው አልጌ ይባላል፤ መርዝ አለው፤ ካልበዛ በዓይን አይታይም።»

ከየካ ተራራ ጀርባ ካለች መንደር ኩሬ የጠጡ ከብቶች እየሞቱ ነው። መንደርተኛው ግን ወለቴ የምትባል ሸክላ ሠሪን ያዘ፦ ቡዳ ናት፣ በዓይኗ በላቻቸው አለ። እስከ እሑድ ቤቷን ለቃ እንድትወጣ ተነግሯታል።

ሁለት ሰዓት፤ ኮተቤ

የመኪናው መንገድ አለቀ። በአሥር ሳንቲም ዳቦ ገዝተን፣ ሣጥኑን ተሸክሜ ዳገቱን ተያያዝነው። ባሕር ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ ጎብጠው የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች። ከላይ ሲያዩት የራጉኤል ጉልላት ቅርብ ይመስላል፤ ውሸት ነው።

አራት ሰዓት፤ ኩሬው

ኩሬው ጠርቷል። ጠጠሩ ይቆጠራል።

ጭቃ ሹሙ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀበሉን። «ደብዳቤው ደረሰን። እንግዳ ሲመጣ ቆሻሻ አናሳይም፤ ሦስት ቀን ሕዝቡን አስወጥቼ ያንን አረንጓዴ ሁሉ አስጠረግሁት» አሉ።

ሊመረምረው የመጣው አረንጓዴ የለም፤ ዶክተሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «የተከበሩ እንግዳ ኩሬውን ሊጎበኙ ይመጣሉ» ብዬ አሳመርሁት። የተከበረ እንግዳ ሲባል ይህ አገር የሚያውቀው መጥረጊያ ማንሳት ነው። የሕዝቡ ከብት ያንን ውኃ ሲጠጣ አንድም ሰው አልጠረገለትም፤ ባለ ክራባት ሊያየው ሲመጣ ግን ተጠረገ።

«ውኃውን አያችሁት፣ መስተዋት ነው» አሉ ጭቃ ሹሙ። «እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?» ሁሉም ዞሮ ወለቴን አየ። ከሕዝቡ ራቅ ብላ ብቻዋን ቆማለች።

«በምን ጠረጋችሁት?» አልሁ።

«በእንቅብ ነዋ፤ በማንኪያ መሰለህ?» አለ አንዱ፤ ሳቁብኝ።

«እስቲ አምጣው።»

እንቅቡ መጣ። በስፌቱ መካከል አረንጓዴው ደርቆ ተጣብቋል። ዶክተሩ በቢላዋ ፍቆ፣ በጠብታ ውኃ አርሶ መነጽሩ ሥር አኖረው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ጭቃ ሹሙን ጠራቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

«ዶቃ ይመስላል» አሉ።

«ከብቶቻችሁን የፈጀው እሱ ነው።»

«ዶቃ ከብት አይገድልም። ለማንኛውም በወረቀት ይሁንልን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል።»

ዶክተሩ እየተናገረ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁ፦ «ከብቶቹን የገደለው የኩሬው ውኃ ነው። ማንም ከብቱን አያጠጣበት።» ፈረመበት። በዚህ ጊዜ አላሳመርሁትም። ሁለት አድርጌ ጽፌ አንዱን ለጭቃ ሹሙ፣ አንዱን ለወለቴ ሰጠሁ። ጭቃ ሹሙ የእሷን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«የእርስዎ በእጅዎ ነው» አልኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት፤ ቁልቁለት

ወለቴ እስከ ጂፑ ተከተለችን። ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው።

«የኔ ስም የቱ ጋ ነው?»

«የለም።»

«ደግመህ እየው፣ ወንድሜ።»

ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልሁ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «የለሽበትም።»

አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው፤ ዳገቱን ተመልሳ ወጣች።