የአያቴ ዳጉ

ከሚሴ መናኸሪያ በቆመ አይሱዙ ላይ የተጫነ የፍየል ቆዳ ሸተተኝና አያቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ ግመል ሊገዛ ቆላ ወርዶ በዚያው በቀረበት ዓመት፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እየሄዱ ከአፋሮች ዳጉ ይጠይቁ ነበር። ዳጉ መንገደኛ ለመንገደኛ የሚያደርሰው ወሬ ነው፤ ውሸት አይጨመርበትም። ልብሳቸው ቆዳ ቆዳ እየሸተተ ሲመለሱ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ።

«አባባ፣ ምን አሉ?»

«ከሽፍታ አምልጦ፣ ጨው ጭኖ በረሃ ሲያቋርጥ አይተውታል።»

«ባለፈው ሰኞ መርከብ ላይ ነው አላሉኝም?»

አጠገቤ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ አላየንም ነው የሚሉት። ይህን ይዤ እንዴት ቤት ልግባ?» አሉኝ።

ጋዜጠኛ ሆኜ ያልተረጋገጠ ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለ አባቴ ግን የጀመርኩት የጀብዱ ታሪክ አለ። አሥራ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ በረሃ እያቋረጠ ነው፤ እንዴት ቤት እንደማስገባው አላውቅም።