ያልረጋ ደም

ከደሴ የወጣነው ቀትር ሲል ነው። ለሰኞ ገበያ ሰፈር ጎረቤቶቻችን «ባቲ ለቅሶ አለብን» አልናቸው፤ የቀበሌውንም የይለፍ ወረቀት ያገኘነው በዚሁ ውሸት ነው። ባለቤቴ ጀማል፣ አብዮት ጠባቂዎች ወንድሙን ከወሰዱበት ወዲህ፣ ሰው ፊት መሳል እንኳ ይፈራል። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ልጁ መላወስ ካቆመ ቀናት አልፈዋል፤ ሐኪም ቤት ብሄድ መዝግበው ያስቀሩኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ኮምቦልቻ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ሆዴን ትክ ብሎ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጅ ነው።»

«ልጅ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጥይት ቢሆንስ?»

ፈታሿን ጠራት። ሴትየዋ በሁለት እጇ ዳበሰችኝና «እርግዝና ነው» አለችው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ አይላወስም እኮ» አለችኝ።

ሰላይ መሰለችኝ። «ተኝቶ ነው» አልኳት።

በአፋር በረሃ ሳምንታት ተንከራተን ጂቡቲ ገባን። ሙቀቱ፣ ወላሂ፣ ያንን የምናማርረውን የደሴን ጉም ያስናፍቃል። ዳቦው እንደ ዱላ ረጅም ነው፤ ዓሣው ጠዋትም ማታም። እኔ ግን አፌ ደም ደም ይለኝ ጀመር። ድዴ ከደማ አይቆምም። ጀማል እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ፈረንሳዊው ሐኪም ደሜን በብርጭቆ ቱቦ ቀድቶ በመዳፉ ጨብጦ ሰዓቱን ያያል። ለኤምባሲያችን ሊልኩት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «ምን ይጠብቃል?» ስል፣ «አታንዴ» ይለኛል፤ ጠብቂ ማለቱ ነው። ቆይቶ ቱቦውን አዘነበለው። ደሜ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

አረብኛ የምትችለው ነርስ አስረዳችኝ። «ልጁ ሞቶ ሆድሽ ውስጥ ስለቆየ ደምሽ መርጋት ትቷል። ሌላ ደም ሳንሰጥሽ ብናዋልድሽ ፈሶ ያልቃል።»

«ጀማል፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» አልኩ።

ጀማል ዝቅ ብሎ ዓይኔን አየኝ። «ዘይነብ፣ መላወስ ያቆመው መቼ ነው?»

«ደሴ እያለን።»

እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለነርሷ ዘረጋላት። ደማችን ገጠመ፤ ሁለት የወደብ ሠራተኞች፣ የወሎ ልጆች፣ ተጨመሩለት።

ስነቃ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። «ወንድ ነበር፤ ቀበርኩት» አለኝ ጀማል። ነርሷ አዲስ የቀዳችውን ቱቦ ዓይኔ እያየ ገለበጠችው፤ ደሙ እንደ እርጎ ረግቶ አልወደቀም። ያን ጊዜ አመንኳቸው።

ከወራት በኋላ እናቴን ደሴ ስልክ ቤት አስጠርቼ አገኘኋት። መስመሩ ላይ ሌላ ሰው የሚተነፍስ ይመስለኛል።

«እማ፣ ልጁ ሞተ።»

«አይተሽዋል?»

«ራሴን ስቼ ነበር። ጀማል ነው የቀበረው።»

«እንግዲያ በምን አወቅሽ?» ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ጀማል በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «እማ ምን አሉ?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት።