በሚካኤል የማይሞላ ሰዓት

አባቴ የእጅ ሰዓቱን በቀን አንድ ጊዜ ይሞላል። ማታ ከእርሻ ገብቶ፣ እግሩን ሳይታጠብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሰቆጣ ገበያ ዳር የሚቀመጠው ሰዓት ሠሪ የነገረው ይህንኑ ነው፦ በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ መሙያው እምቢ እስኪል ድረስ። እምቢ ካለ በኋላ ማስገደድ የለም። ሳይሞላ አንድ ቀን ተኩል ካለፈው ይቆማል። የባትሪ ሰዓት ግዛ ሲሉት፣ ከብቱስ በየቀኑ ውኃ ይጠጣ የለም ወይ ይላል።

ችግሩ በሰንበትና በበዓል አለመሙላቱ ነው። ቅዳሜ እርሻ አይነካም እንጂ ያን ያህል አያጠብቅም፤ እሁድና የወር በዓላት ከገቡ ግን መሙያውን አይነካም። ሥራ ነው። እናቴ ጣት ማዞር ምኑ ሥራ ነው ብላ ብትከራከረው፣ ጥጥ መፍተልም ጣት ማዞር ነው፣ ለምን በማርያም ቀን አትፈትዪም ብሎ ዝም አሰኛት። እሷም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ ተወችው።

በደህናው ሳምንት ጉዳት የለውም። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሳይገባ ይሞላዋል፣ እሁድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይደግመዋል፤ መሐል ላይ አይቆምም።

ሰዓቱ ለእኛ ጌጥ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው በእመቤቷ ስልክ ነው፣ እሱም እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ብቻ። መንደራችን መብራት የለም፤ የቤቱን አንድ ሞባይል ገበያ ስንወርድ ሰቆጣ ቻርጅ አድርገን፣ ሳምንቱን ሙሉ ዘግተን እናስቀምጠዋለን። ባትሪው ያረጀ ስለሆነ ከተከፈተ ብዙ አይቆይም፤ ሲዘጋም ሰዓቱን ይረሳል። ስለዚህ እሁድ በመንደሩ ብቸኛ የሆነውን የአባቴን ሰዓት እያየን ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እንወጣለን፣ አሥር ሊሆን ሲል እንከፍተዋለን።

የዚያን ዓመት ሰኔ ላይ የእህቴ ኮንትራት አለቀ። እመቤቷ እንደገና ትፈርሚያለሽ ወይስ ለመመለሻ ትኬት ይቆረጥልሽ፣ በሚመጣው እሁድ ማታ ንገሪኝ ብላታለች። እህቴ ደውላ ተማክራችሁ ወስኑልኝ አለችን። ሳምንቱን ተማከርን። ድምፅዋ እየከሳ መምጣቱን ሁላችንም ሰምተናል። ትምጣ አልን፤ ነይ የሚላት አባቴ ሆነ። እናቴ መደቡን ለቅልቃ ጨረሰች።

የሰኔ ሚካኤል ግን ቅዳሜ ዋለ። አባቴ ሰዓቱን ዓርብ ማታ ሞላው፤ ቅዳሜ ማታ ሚካኤል ሳይወጣ ሰንበት ገባ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ቆሟል።

ቅዳሴ የሚያልቅበትን ሰዓት እናውቃለን፣ በዚያ አስተካክዬ እኔ ልሙላው አልኩ። አይሆንም አለ። እንግዲያው ከምሳ በኋላ ወጥተን ስልኩን ከፍተን እንጠብቅ አልኩ። ባትሪው ያልቃል፣ እኔ ሰዓት ሳይኖር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ጊዜ አይጠፋኝም አለ። ነገር ግን ያን ቀን ሰማዩ ደመና ነበር፤ ጥላ የሚባል የለም። ጉብታው ላይ ቆመን አሁን ነው ሲል ከፈትኩት። ወዲያው መልእክት ገባ፤ ስልኩ ዝግ ሳለ ሦስት ጊዜ ደውላለች። መልሰን እንዳንደውል ስልኩ የእመቤቷ ነው፣ መዘዙ ለእሷ ነው። ባትሪው እስኪያልቅ ቆምን። በጣም ተናድጄ ስለነበር ቁልቁለቱን ብቻዬን ቀድሜ ወረድኩ፤ ሳምንቱንም ከአባቴ ጋር በወጉ አላወራሁም።

በሚቀጥለው እሁድ በሰዓቱ ደወለች። አባቴ ስልኩን ጮክ አድርጎ ያዘው። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ነው የሚያወሩት፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ትንሽ ይደርቃል። ሁለት ዓመት ፈረምኩ አለች።

«ነይ ልልሽ ነበር እኮ» አለ አባቴ።

እህቴም፣ «ስልኩ ዝግ ሲሆንብኝ፣ ቆዪ ማለት ከብዷችሁ የዘጋችሁት መሰለኝ» አለች። ለምን እንደተዘጋ ጠየቀችው። አባቴ ሌላ ምክንያት መፍጠር ይችል ነበር፤ አልፈጠረም። ስለ ሚካኤልና ስለ ሰንበት፣ ስለ ቆመው ሰዓት፣ ስለ ደመናውም ሳይቀር ነገራት።

እንድትቆጣው ፈልጌ ነበር። አልተቆጣችም።

«አባዬ፣ እርስዎ አይወቁት እንጂ እኔ እዚህ በሚካኤልም በእሁድም ሥራ ነው የምውለው» አለች። «አሁንም እመቤቴ እየጠራችኝ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቴ ለእኔ አቀበለኝና ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ከቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ጠጥተው የሚወርዱ ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ እንዴት ዋላችሁ ይሉን ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን ከእጁ ፈቶ፣ እነሱ እያዩት፣ መሙያውን በሁለት ጣቱ ያዘና አዞረ። ቅዳሜ ማታ ሞልቶት ስለነበር ብዙም ሳይዞር እምቢ አለው።