የአባቴ ጸሐፊ

መጻፍ የማይችለው አባቴ በየእንቁጣጣሹ የሚሰጠኝን የምክር ደብዳቤ ማን ነው የሚጽፍለት? ለዓመታት ያብሰለሰለኝ ጥያቄ ነው። «ጉዳዩ፦ ሐቀኛ ሆኖ ስለመኖር» ብሎ የሚጀምር ምክር ከአባቴ ልብ የወጣ አይመስለኝም ነበር።

ዘንድሮ ከሰፈራችን ከካራ ጀምሬ ተከተልኩት። መገናኛ ወርዶ አንድ ማመልከቻ ጻፊ አጠገብ ተቀመጠ። ከጀርባቸው ቆሜ አዳመጥኩ።

«አባባ፣ የአምናውን ልገልብጠው?» አለው ጸሐፊው።

ይኸው፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር!

«ኧረ! ልጄ ዘንድሮ ሥራ ይዛለች። አለቃሽን አትፍሪ በልልኝ። ዓይን አፋርነቷ ከእኔ ነው፤ እኔም ፊት ለፊት መንገር አፍሬ ነው አንተ ጋ የምመጣው።»

«አፈርኩ ማለት ለማመልከቻ አይሆንም፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ተወው።»

ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓይኔን ከመሬት ሳልነቅል ፊታቸው ብቅ አልኩና፣ «ጋሼ፣ እሱንማ ይጻፉት!» አልኩ።