የጥያቄው ገጽ

የኔአለም ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሮብ ገበያ ከተማ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የሚመጡ ደንበኛ አሏት። ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም፤ "መምህር" ትላቸዋለች። ትምህርት ቤታቸው በአካባቢው በተነሣው ግጭት ከተዘጋ ወዲህ ጠመኔ አልነኩም፤ ሆኖም ከመቀመጣቸው በፊት እጆቻቸውን ያራግፋሉ። ከዚያ የባዮሎጂ ትምህርታቸውን ድረ ገጽ ላይ ይደለድላሉ፤ የክፍሉን ደረጃ በዋናው ሜኑ፣ ምዕራፉን ከሥሩ በንዑስ ሜኑ፣ እያንዳንዱን ትምህርት በየራሱ ገጽ። አንዱ ገጽ ከረዘመባቸው ለሁለት ይከፍሉታል።

"መምህር፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ብለውኝ አልነበር? ማን ያየዋል ብለው ነው?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ኔትወርኩ የመጣ ዕለት ተማሪዎቼን ተዘበራርቆ እንዳይጠብቃቸው ብዬ ነው፣ ልጄ። እስካሁን የባከነባቸው ጊዜ ይበቃል።"

ሊሄዱ ሲሉ ሁልጊዜ ተማሪዎች እንዲጽፉበት ያዘጋጁትን የጥያቄ ገጽ ይከፍታሉ። እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። የኔአለም ያን ጊዜ ወደ እሳቸው ማየት ይከብዳታል።

"ጥያቄ ያለው?" ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እጁን የሚያወጣ ተማሪ እንዳለ ሁሉ ጥቂት ይጠብቁና፣ ቀስ ብለው ይዘጉታል።