አውሎ ነፋሱና የአባባ ክፍል

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች አንበሳም ጦጣም አልነበረባቸውም። የአባቴ አባት፣ አባባ ደምሴ፣ አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ወዳለችው ኢስት ፖይንት መጥተው ከእኛ ጋር ሲኖሩም የሚተርኩልኝ ስለ ባሕር፣ ስለ ደመናና ስለ ነፋስ ነበር።

እናቴ ትፈራቸው ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ አማቷ ስለሆኑ ብቻ ነው። ከቤቱ ሰፊውን ክፍል ለእሳቸው ለቃ፣ እሷና አባቴ በጠባቧ ተጣበው ይተኙ ነበር። በአባባ መስኮት ትልቅ የኦክ ዛፍ ይታያል፤ እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን መስኮት ሳታሳይ አትሸኝም።

ከደቡብ የመጣው አውሎ ነፋስ ወደ አትላንታ ሲያቀና አባቴ ዳንኤል ኮሌጅ ፓርክ ሥራ ላይ ነበር፤ መንገዱ በወደቀ ዛፍ ተዘጋበት። ደውሎ «ዊንዶው አጠገብ እንዳትሆኑ፤ አባባን ይዘሽ ባዝሩም ግቡ» አላትና ስልኩ ተቋረጠ። መብራቱም ጠፋ። መስኮት የሌለው ሽንት ቤቱ ብቻ ነበር። እንግዲህ አማቷን ከአልጋቸው አስነስታ ሽንት ቤት ይቀመጡ የምትል ምራት የት ትገኛለች? እናቴ እስከ በራቸው እየሄደች ተመለሰች። በመጨረሻ ጧፍ አብርታ እኔን አስከትላ ገባችና ምንም ሳትል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ያኔ እኔ የማውቀው ፍርሃቴን ብቻ ስለነበር አባባን ተረት ለመንኳቸው። የጧፉ ጢስ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው ጀመሩልኝ፤ ባሕሩ ሲሞቅ እንፋሎቱ ከድስት ላይ እንደሚነሳ እየተነሳ ደመና እንደሚሆን፣ ሞቃቱ አየር ሽቅብ ሲወጣ በሥሩ ሌላው እየተሻማ እንደሚገባ፣ የምድር መሽከርከር ደግሞ እንደሚጠመዝዘው። አንዳንዱማ ከእኛው ተራሮች አካባቢ በተነሳ የአየር ሞገድ ተፀንሶ፣ በረሃውን አቋርጦ ባሕር የሚገባ ነው አሉኝ። የብስ ሲረግጥ ግን የሚመግበው ባሕር ይቀርበታልና ይደክማል።

ደስ አለኝ። ቅርንጫፉ ግን መስታወቱን ይቧጥጥ ነበር። ከደከመ ታዲያ ዛፋችን ለምን ይንቋቋል ስል ጠየቅኳቸው።

«ደክሞም ዝናቡን ያወርዳል» አሉ። «አፈሩ ሲርስ ሥሩ ይላላል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ነፋስ...»

አልጨረሱትም። መስኮቱን አዩ፤ ቀጥሎ አንገቷን የደፋችውን እናቴን አዩ።

«ልጄ፣ ዳንኤል በስልክ ምን አለሽ?»

እናቴ ድምጿ እስኪጠፋ ድረስ አፍራ ነገረቻቸው። አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«ተነሺ» አሏት፤ «ክብሬ ኋላ ይደርሳል።»

ሽንት ቤቱ ገባን፤ አባባ ባዶው የባኞ ገንዳ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ እኔን አቀፉኝ። እናቴ በሩን በጀርባዋ ደገፈች። ተረቱን የቀጠለ አልነበረም። አንድ ረጅም የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቤቱ ተናጠ፤ በበሩ ሥር ነጭ አቧራ ገባ።

ነፋሱ ጋብ ሲል ወጥተን አየን። ዛፉ ጣሪያውን ሰብሮ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ የአባባ ትራስ ላይ ይዘንባል። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ አፍሬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ እያለች አለቀሰች። አባባ አነሷት።

«ልጄ፣ ሞቼ ቢሆን ዳንኤልን ምን ልትዪው ነበር? አፍሬ ገደልኳቸው?»

አውሎ ነፋስ እንዴት እንደሚወለድ ኋላ ትምህርት ቤትም ተማርኩት፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት እናቴ እስከዚያ በር እየሄደች መመለሷን ነው። ለረጅም ጊዜ በልቤ ፈርጄባት ኖሬአለሁ፤ በይሉኝታ እንዴት ሰው ለሞት ይተዋል እያልኩ።

አሁን እናቴ ሮዝዌል ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ሰፊውን ክፍል የሰጠኋት እኔው ነኝ። ባለፈው ክረምት የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ሲጮህ ሮጬ በሯ ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ጸሎት ላይ ነበረች፤ ላቋርጣት አፈርኩ። ያኔ የእሷ እግር ምን ያህል ከብዷት እንደነበር የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ከዚያ ገባሁና ጸሎቷን ሳትጨርስ እጇን ይዤ አስነሳኋት።